እመ ደመና በቀይ እስክሪብቶ

ሰኞ፣ የካቲት 3

ሰም ነጥቦበታል። ልብ ወለዴን የምጽፍበት አራተኛው ደብተር ከሦስት ሳምንት በኋላ ዛሬ ተመለሰልኝ፤ ከሽፋኑ እስከ መካከሉ የጧፍ ሰም ጠብ ጠብ ብሎበታል። መብራት በሌለበት ቤት ሲያነቡት ይሆናል ብዬ ተውኩት። በጥፍሬ ልፍቀው ስል ወረቀቱም አብሮ ተላጠ።

የመለሰችልኝ እትዬ ደስታ ናት፣ ከመሠረተ ትምህርት ተማሪዎቼ ጎበዟ። በሁለት እጇ ይዛ ሽፋኑን ስማ ሰጠችኝ። ቀልድ መስሎኝ እኔም ስሜ ተቀበልኩ። ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። እሷ ግን አልሳቀችም።

የከፋኝ ሌላ ነው። በየደብተሩ መጨረሻ ሁለት ባዶ ገጽ እተዋለሁ፣ አንባቢ የመሰለውን እንዲጽፍበት። መጻፍ የተማርኩት ከመምህራን ማሠልጠኛው ይልቅ ከነዚያ ገጾች ነው። አንደኛው ደብተር ላይ የተጻፈልኝን አሁንም በቃሌ አውቀዋለሁ፦

— ንጉሡ ወሬ ያበዛል።
— በዚህ አገር ሰው አይበላም እንዴ? ሦስት ቀን ሲጓዙ ምን ቀመሱ?
— ፈረሱ ሞቶ አልነበረም? (ረስቼው ነው።)
— የኔታ፣ እጅ ጽሑፍሽ ያምራል።

ንጉሡን ዝም አሰኘሁት፤ ለመንገደኞቹም በሶ አስያዝኩላቸው። ዛሬ በመጣው ደብተር ላይ ግን አንድም ቃል የለም። ሁለቱም ገጾች ንጹሕ ናቸው። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር ብዬ ልጽፍ ነበር፤ እውነቱ ግን ይሻለኝም አይሻለኝም አላውቅም። እንዲሁ አይቼ ዘጋሁት።

ሰባተኛው ደብተር ጠረጴዛው ላይ ነው። ከኅዳር ወዲህ አንድ መስመር አልጻፍኩበትም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

በመጀመሪያው ዕረፍት የክሊኒኩ ድሬሰር ስንታየሁ ነጭ ጋዋኑን እንደለበሰ ትምህርት ቤት ድረስ መጣ።

«ማሬ አራት ቀን ቀርታለች» አለኝ። «እናቷ ያንቺ ተማሪ አይደለችም?»

ማሬ የእትዬ ደስታ ልጅ ናት፤ ገና አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ሳንባዋን ታማ በየቀኑ መርፌ ትወጋለች። እናቷን ትናንት እንዳየኋት፣ ደህና እንደሆነች ነገርኩት።

«እናቷን አይደለም የምወጋው» አለኝ።

መርፌው መካከል ላይ ሲቋረጥ በሽታው እንደሚበረታና ሁለተኛ በቀላሉ እንደማይድን አስረዳኝ። ነገ ሄጄ እጠይቃለሁ አልኩት። ሲሄድ ዞር ብሎ «አንቺስ እንዴት ነሽ?» አለ። ደህና ነኝ አልኩ። ለሁሉም የምሰጠው መልስ ይኸው ነው፤ ማንም ተጨማሪ አይጠይቅበትም።

ኅዳርን ካነሣሁ ልጻፈው። ወንድሜ አስፋው ብሔራዊ ውትድርና ሄዶ ነበር፤ መርዶው ኅዳር ላይ መጣ። ዳባት አባታችን ቤት ለቅሶ ተቀመጥን። እኔ ወንበር አስመጣሁ፣ ንፍሮ አስቀቀልኩ፣ ማን እንደመጣ ማን እንደቀረ ያዝኩ። አላለቀስኩም። ሴቶቹ «በሆዷ ይዛው ነው» ሲባባሉ ሰማሁ። በሆዴም የለም፤ ፈልጌው አጣሁት። ጥርስ ሲነቀል በመርፌ እንደሚደነዝዘው ድድ ነው፤ ብትነካው የራስህ አይመስልም።

ዛሬ ክፍል ውስጥ ማባዛት አስተማርኩ። ሹሮ በላሁ። ልብሴን አጠብኩ።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ጥፋቱ የኔ ነው።

ከትምህርት በኋላ እትዬ ደስታ ቤት ሄድኩ። ማሬ መደቡ ላይ ተጋድማለች። ስታየኝ ልትነሣ ስትል ሳሉ ጣላት። ዓይኗ ብቻ ነው የቀረው። ከትራሷ በላይ በነጭ ጨርቅ የተሰፋ ነገር ተንጠልጥሏል።

እትዬ ደስታ እንደ ምሥራች ነጋሪ ፊቷ በርቶ ነበር። ጨርቁን ፈትታ አሳየችኝ። ከአራተኛው ደብተር ምንጩ የተነገረበትን ገጽ በራሷ እጅ ገልብጣዋለች። አምና «ሀ»ን መሥራት አቅቷት ያለቀሰች ሴት! ፊደሏ ቀጥ ብሏል። «እመ ደመና» የሚለውን ስም በየቦታው በቀይ እስክሪብቶ ጽፋዋለች፣ ልክ እንደ እኔ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ሰሙም፣ መሳሙም፣ ንጹሑም ገጽ ገባኝ። ሴቶቹ ቆመው፣ ጧፍ አብርተው ነው ያነበቡት። ቅዱስ መጽሐፍ ላይ ማን አስተያየት ይጽፋል?

እዚህ ላይ ለራሴም ቢሆን ላስረዳ። አባባ የብራና መጻሕፍት ቁም ጸሐፊ ነበሩ፤ ፊደል ያስያዙኝም እሳቸው ናቸው። የአምላክ ስም፣ የእመቤታችን ስም፣ የቅዱሳን ስም በቀይ ቀለም ይጻፋል። «እመ» ብሎ የሚጀምር ስም ስጽፍ እጄ ሳላዘው ቀዩን ያነሣል፣ የተማሪ ደብተር የማርምበትን ቀይ። ያምራል ብዬ ተውኩት። ከሊማሊሞ ገደል በታች ደመና ውስጥ አገር አለ አልኩ፤ እመ ደመና የምትባል ሴት ትኖርበታለች፣ ትንፋሽ ላጠረው ከምንጯ ታጠጣለች አልኩ። ሁሉንም ከራሴ አወጣሁት። ይህን ግን ለማንም አልተናገርኩም፤ የሚያስፈልግ አልመሰለኝም። የመማሪያውን መጽሐፍ ጨርሰው የሚያነቡት ሲያጡ ደብተሮቼን ዝም ብዬ ሰጠኋቸው። መንገዱንም እውነት እንዲመስል ከገደሉ ሥር ባለችው በድብ ባሕር በኩል አድርጌ ጻፍኩት።

«እሑድ ማለዳ ወደ ድብ ባሕር የሚወርድ የጭነት መኪና አለ» አለችኝ። «የቀበሌው ሊቀመንበር ለዘመድ ጥየቃ ብሎ የይለፍ ወረቀት ጽፎልኛል። ከዚያ ወዲያ በእግራችን ነው፣ አንቺ እንደጻፍሽው ገደሉን በግራ ትተን። ስንት ሰዓት ያስኬዳል፣ የኔታ?»

«መርፌውስ?» አልኩ።

«መርፌና ጠበል አንድ ላይ አይሆንም። ጠበሉ ይቆጣል።»

ማሬ ከመደቡ ወርዳ ደጃፉ ድረስ ስትሄድ ሁለቴ ነው ያረፈችው። ከድብ ባሕር ቀጥሎ፣ ከዛሪማ ወዲያ ደግሞ ተኩስ አለ ይባላል።

ስንት ሰዓት እንደሚያስኬድ እንድነግራት ጠበቀችኝ። «እንጃ» አልኳት። ወጣሁ።

«እንጃ» ነው ያልኩት።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ለምን አልነገርኳትም? ክፍል ውስጥ ልጆቹ ሲገለብጡ እኔ ይህን ጻፍኩ፦

አንደኛ፣ አፍሬ።

ሁለተኛ፣ ፈርቼ። መሠረተ ትምህርት አስተማሪዋ ራሷ አጉል እምነት ታስፋፋለች ቢባል ቀበሌ አቁሞ ያናግረኛል። ደብተሮቹም ያለ ፈቃድ ነው የሚዞሩት።

ሦስተኛው ነው የሚያስጠላው። ደስ ብሎኝ ነበር። ያቺን ገጽ በእሷ እጅ ተገልብጣ ሳያት ለጥቂት ጊዜ ደስ አለኝ። በጻፍኩት ነገር እንዲህ ያመነልኝ ሰው አላውቅም። ከኅዳር ወዲህ የተሰማኝ ነገር እሱ ብቻ ነው፤ በዚያች ሕፃን ሳል ላይ ቆሜ።

ከሰዓት ክሊኒክ ሄጄ ለስንታየሁ ሁሉንም ነገርኩት። እስክጨርስ የሲሪንጁን መቀቀያ ሲወለውል ቆየ።

«እኔም ሁለተኛውን ደብተር አንብቤዋለሁ» አለ። «ልብ ወለድ መሆኑ ገብቶኛል። ለእሷ ግን ማን ነግሯት?»

«ማንም።»

«እንግዲያው ንገሪያት።»

«ፊደል ከቆጠረች ወዲህ ያነበበችው የኔን ብቻ ነው። ውሸት ነው ብላት ሁለተኛ መጽሐፍ አትነካም።»

«ማሬ እኮ መርፌውን ካልቀጠለች…» ብሎ ተወው። ስንታየሁ ክፉ ቃል መናገር አይወድም።

ዓርብ፣ የካቲት 7

አስፈቅጄ በአውቶቡስ ዳባት ወረድኩ። አባባ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ዓይናቸው አሁን ጥላ ብቻ ነው የሚያየው፤ በእርምጃዬ ነው የለዩኝ። ደብተሩን ከፍቼ የምንጩን ገጽ አነበብኩላቸው። ጽፌ አንብቤላቸው አላውቅም ነበር።

«በምን ቀለም ነው?» አሉ ስጨርስ።

«ስሟን በቀይ።»

«ማን አስተማረሽ?»

«እርስዎ።»

«እኔ በቀይ ጻፊ ያልኩሽ የማንን ስም ነው?»

ነገርኳቸው።

«ይቺስ ማን ናት?»

«የለችም፣ አባባ።»

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢቆጡኝ ደስ ባለኝ። ከዚያ ስለ እትዬ ደስታ ነገርኳቸው።

«ሴቲቱ ምን አጠፋች?» አሉ። «ያነበበችው የተጻፈውን ነው። እኔ ብራና ላይ ስሳሳት በካራ ፍቄ አርመው ነበር። ነገር ግን ተደብቄ አልፋቅሁም። ያስጻፈኝን ሰው ጠርቼ፣ ቦታውን በጣቴ አሳይቼ፣ እዚህ ተሳስቻለሁ እልና ከፊቱ እፍቃለሁ። ጓደኞቼ ሳያውቅብህ አርመው ይሉኝ ነበር። መጽሐፉ እኮ የሚነበበው በሰው ነፍስ ላይ ነው።»

«ያሳፍር ነበር?»

«እንዴት አያሳፍር! አንድ ጊዜ የአንድ ባላባት መዝሙረ ዳዊት ላይ ሙሉ መስመር ዘልዬ፣ በሰው ፊት ተሰድቤያለሁ።»

ስለ አስፋው አላነሣንም። የእሱ ጋቢ መስቀያው ላይ ነው፤ ሁለታችንም ጀርባችንን ሰጥተነው ተቀመጥን። ስወጣ አባባ እጄን ይዘው መዳፌን ዳበሱት፣ ቀለም ያለበት መሆኑን የሚያዩ ይመስል። በመጨረሻው አውቶቡስ ደባርቅ ገባሁ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

ነገርኳቸው።

የሴቶቹ ክፍል ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። አሥራ ሦስቱም መጡ። እትዬ ደስታ ፊት ለፊት ተቀመጠች፣ ለመንገድ በሶ ስትፈጭ ቆይታ እጇ ላይ ዱቄት አለ። ለእሷ ለብቻዋ ልነግራት አስቤ ነበር፤ ግን ጧፍ አብርተው ያነበቡት ሁሉም ናቸው።

ረቂቆቼን ይዤ ሄድኩ። የተሰረዘባቸውን፣ የሹሮ ጠብታ ያለባቸውን፣ በተማሪ ፈተና ጀርባ የተጻፉትን። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋኋቸውና ኑ እዩ አልኳቸው። እመ ደመና መጀመሪያ «አሮጊቷ» ትባል ነበር፤ እዩ፣ ተሰርዟል። ቀጥሎ «እመ ዝናብ» አልኳት፤ እሱም ተሰርዟል። ምንጩ በመጀመሪያ ወተት ነበር፤ አስቀያሚ ሲሆንብኝ ውኃ አደረግሁት። ገደሉን ያየሁት ከአውቶቡስ መስኮት ነው። ወርጄበት አላውቅም። ምንጭ ይኑር አይኑር አላውቅም። ስሟን በቀይ የጻፍኩት በልማድ ነው፣ ያልተገባ ነገር አድርጌያለሁ። እዚህ ተሳስቻለሁ አልኩ፣ በጣቴም አሳየኋቸው።

«ታዲያ ከየት አመጣሽው?» አለች አንዷ።

ይህን ልናገር አላሰብኩም ነበር። አስፋው ልጅ ሆኖ ደረቱን ያፍነው ነበር አልኳቸው። ሲያፍነው ይፈራል፣ ሲፈራ ይብስበታል። ስለዚህ ከጎኑ ተቀምጬ፣ ታች ደመናው ውስጥ ትንፋሽ የምትመልስ ሴት አለች፣ አሁን እየመጣች ነው፣ ሊማሊሞን ወጣች፣ ደባርቅ ደረሰች እያልኩ እስኪለቀው አወራለት ነበር። ከዚያ ነው የመጣው። ሲያድግ ተወው፤ ወታደርም ሆነ። አሁን ሞቷል።

የዜና አንባቢ ድምፅ ነበር ያወጣሁት። አንዲት ሴት ስታለቅስ እኔ ወረቀቶቹን አስተካክል ነበር።

«እንግዲህ ስታሞኚን ከረምሽ» አለች ከኋላ ያለችው። «ጧፉ እንኳ ስንት ነው ያለቀ!»

ሌላዋ «ኧረ ተዪ፣ ተረት አይደል እንዴ? እኔስ የፈረሱ ነገር ቀድሞም አልተዋጠልኝም» ብላ ጥቂቶቹ ሳቁ። 

እትዬ ደስታ ተነሣች። ከደረቷ ያችን በጨርቅ የተሰፋች ገጽ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ፣ ከረቂቆቹ አጠገብ አስቀመጠችና ወጣች። ተከትዬያት ወጣሁ።

«እትዬ ደስታ፣ ነገ አትሂጂ። ማሬን ወደ መርፌው መልሻት።»

«ረቡዕ ዕለት ቤቴ መጥተሽ ጠየቅሁሽ» አለች፣ ሳትዞር። «እንጃ አልሽኝ።»

መንገዱን ይዛ ሄደች።

እሑድ፣ የካቲት 9

መኪናው ቀድሞኛል። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው የወጣው፤ እኔ ደግሞ አንድ ሰዓት ተብሎ ነበር የተነገረኝ። የሻይ ቤቷን ባለቤት ሴቶች ተሳፍረው እንደሆነ ጠየቅኋት።

«አሉ እንጂ። ሴትም ሕፃንም ነበር። በዚህ ብርድ ሁሉም ተከናንቧል፣ ማንን ከማን ልለይልሽ?»

እትዬ ደስታ ቤት ሄድኩ። በሩ በውጭ ተቆልፏል። ጎረቤቷ ሌሊቱን ሲወጡ ሰማሁ፣ የት እንደሄዱ አላውቅም አለችኝ። ዘግይቼ ነው የነገርኳት። ሦስት ቀን ነበረኝ፤ ረቡዕ ብናገር ኖሮ አብረን ቁጭ ብለን እናለቅስ ወይም እንጣላ ነበር፣ መኪናው ግን ያለ እነሱ ይሄድ ነበር።

ከዚያ እግሬ ወደ ሊማሊሞ አፋፍ ወሰደኝ። ታች ደመና ሞልቷል። ይህን ደመና ስንት ገጽ ጽፌበታለሁ፤ ዛሬ እርጥብ ነገር ብቻ ነው። አንድ መኪና ከሥር ሲያጓራ ይሰማል፣ አይታይም። ማሬ ከላይ፣ ከጭነቱ ጆንያ ላይ ሆና ስትስል አሰብኩ። ማሰቤን አውቃለሁ፤ ግን ሌላ ሰው ሲያስብ የማየው ያህል ነው።

ቤት ገብቼ ተኛሁ። ምሳ አልበላሁም፣ አልራበኝም።

ሰኞ፣ የካቲት 10

ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ክሊኒክ ደረስኩ። የሄድኩት ለስንታየሁ ሄደዋል ብዬ ልነግረው ነበር፤ ድብ ባሕር የሚያውቀው ሰው ካለ መልእክት እንዲልክ።

አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። እትዬ ደስታና ማሬ፣ ከሦስት በሽተኞች ቀጥሎ፣ ወረፋ ይዘው።

ቆሜ ቀረሁ። «መኪናው…» አልኩ። «በሩ ተቆልፎ ነበር።»

እትዬ ደስታ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። «እሑድ አይደለም እንዴ? ቅዳሴ ነበርን። ሰው እሑድ ማለዳ የት ይሄዳል?»

ከኅዳር ወዲህ ቤተ ክርስቲያን አልሳምኩም። ሰው እሑድ የት እንደሚሆን ረስቼዋለሁ።

ትንሽ ቆይታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እንዲህ አለች፦ «አልማርኩሽም። ልጄን ልትገድዪብኝ ነበር። በሰው ፊት ባትናገሪው ኖሮ እወርድ ነበር። ለብቻዬ ብትነግሪኝ ምቀኛ ነው ያስወራት እል ነበር። አሁን እነሆ መጥቻለሁ፤ ግን አልማርኩሽም።»

«እሺ» አልኩ።

«ተቀመጪ እንግዲህ። እኔ መርፌ ሲገባ ማየት አልችልም፣ አንቺ ያዥልኝ።»

ስንታየሁ እስካሁን የተወጋችው ቀርቶ ሕክምናው ከመጀመሪያው እንደሚጀመር ነገረን። ስንት ወር እንደሆነ ሲናገር እትዬ ደስታ ጣቷን ወደ እኔ ቀሰረች፤ በየማለዳው ማሬን ይዤ የምመጣ እኔ ነኝ ማለቷ ነው። እሺ አልኩ። ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በፊት ይደርሳል።

ማሬን ጭኔ ላይ አስቀመጥኳት። ክብደት የላትም። ትንፋሿ አንገቴ ላይ ይሞቃል፣ ጉርጉር ይላል። መርፌው ሲገባ አልጮኸችም፣ አውራ ጣቴን ብቻ ጨመቀችው። ሲያበቃ ሸሚዟን እየቆለፍኩላት ሳለ፦

«እማዬ ውሸት ነው ብላኛለች» አለች።

«እውነቷን ነው። እኔ ነኝ የፈጠርኩት።»

«እኔ እኮ አውቄው ነበር።»

«እንዴት አወቅሽ?»

«ጠበሉ ላይ ወረፋ የለም። አንድ ሰው መጥቶ ይጠጣል ይሄዳል። እንዲህ ያለ ጠበል የት አለ?»

ሳቅሁ። በሽተኞቹ ዞረው አዩኝ። ልክ ናት፤ ስድስት ደብተር ሙሉ አንድ ወረፋ አልጻፍኩም። ሳቄ ሲያልቅ እንባዬ ፈሰሰ። እትዬ ደስታ አየችኝና የነጠላዋን ጫፍ አቀበለችኝ። አስፋው አስፋው አልኩ መሰለኝ። ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ አላውቅም፣ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አልፎኛል።

ማሬ እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ከዚያ እጅጌዬን ሳበችና «ውሸት ቢሆንም ንገሪኝ» አለች።

ነገ፣ መንገድ ላይ፣ አልኳት። ምን እንደምነግራት እስካሁን አላገኘሁም።